ስም ያወጣ ሰው ዕዳ

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። አነጋገሩ ለሰው የመጠሪያ ስም ሲሆን ደስ የሚያሰኝ እምነት ነው። ዳሩ ግን በገበያ፣ በመንገድ፣ በመሥሪያ ቤትና በቡና ዙሪያ በየቀኑ እየተወለዱ ካፍ ወዳፍ የሚዘዋወሩትን የቀልድ ስሞች ሁሉ መልአክ አወጣቸው ማለት አይቻልም። እነዚህን የሚያወጣቸው አንዳንድ ጊዜ ሥራ የፈታ አንደበት፣ አንዳንድ ጊዜም የተቸገረ ልብ ነው። ቃሉ አገር ላገር ሲዞር ያወጣው ሰው ማን እንደ ሆነ እንኳ አይታወቅም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰውን ለማሣቅ ብሎ ስም የሚያወጣ ሰው ላወጣው ስም ኀላፊነት አለበትን? ወይስ ቀልድ ነውና ነገሩ በሳቁ ያበቃል?

ስለ ስም የተጨነቁ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን «ክራጢሎስ» በተባለው መጽሐፉ ስም ከነገሩ ባሕርይ የሚገኝ ነው ወይስ ሰዎች ተስማምተው የሚሰጡት ነው እያለ ያከራክራል። የቻይናው ሊቅ ኮንፉሽየስም የአገር አስተዳደር ቢሰጠው አስቀድሞ የሚሠራው ስሞችን ማቅናት እንደ ሆነ ለደቀ መዝሙሩ መናገሩ ተጽፎለታል። እኛ ግን የእነሱን ያህል ርቀን ለመሄድ ዐቅሙም ትምህርቱም የለንም። ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰን በሥራ ቦታችን ያጋጠመን አንድ ነገር ነው። እሱንም ወደ ኋላ ላይ እናወሳዋለን፤ አስቀድመን ግን ነገሩ ከምን እንደ ተነሣ እንግለጽ።

የምንኖረው በቆቦ ነው። ቆቦ ከወልድያ ወደ ሰሜን በሚሄደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ የቆመላት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ሆርማትና ጎሊና የተባሉት ወንዞች በክረምት ከምዕራቡ ደጋ ጎርፍ ይዘው ይወርዳሉ። ገበሬውም ጎርፉን እየጠለፈ ወደ ማሽላውና ወደ ጤፉ ማሳ ያገባዋል። በራያ ገበያ አማርኛው፣ ትግርኛው፣ ኦሮምኛውና አፋርኛው ጎን ለጎን ስለሚሰማ፣ ሰዉ እህልና ከብት ሲለዋወጥ ቃልም አብሮ ይለዋወጣል። እንዲህ ባለ አገር ለጨዋታ የሚሆን ቃል አይጠፋም።

ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ከሥራ ባልንጀሮቻችን ጋር በሻይ ሰዓት ከአንድ ግራር ጥላ ሥር እንቀመጣለን። ከዕለታት አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ስለ አንድ የእንግሊዝ መጽሐፍ አጫወተን። ዳግላስ አዳምስና ጆን ሎይድ የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት በዚህ መጽሐፍ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን፣ ነገር ግን ስም ያልወጣላቸውን የኑሮ አጋጣሚዎች ሰብስበው፣ በካርታ ላይ ያለ ሥራ የተቀመጡ የመሰሏቸውን የመንደርና የከተማ ስሞች አደሏቸው። ይህን በሰማን ጊዜ እኛም ለራሳችን አጋጣሚዎች ስም ማውጣት ጀመርን። የቦታ ስም መበደር ግን አላስፈለገንም፤ አማርኛችን ራሱ በቂ ሆኖ ተገኘ።

በመናኸሪያ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ሲጮህ፣ ያ አንድ ሰው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላም ሌላ አንድ ሰው እየተጠበቀ የሚያልፈውን ሰዓት «አንድሰዌ» አልነው። ሦስተኛው ቡና፣ በረካው፣ ካበቃ በኋላ «እንግዲህ ልሂድ» ብሎ ተነሥቶ ከደጃፍ ከደረሰ በኋላ አንድ ወሬ ትዝ ብሎት ተመልሶ የሚቀመጠውን እንግዳ «ሄድሁቁጭ» አልነው። ጧት ከዛፉ በስተምዕራብ፣ ማታ ከዛፉ በስተምሥራቅ እየተቀመጠ ከጥላው ጋር አብሮ ሲዞር የሚውለውን ሰው «ጥላዞር» አልነው። አንጀቱ በረኀብ እየጮኸ «እንብላ» ሲሉት «አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» የሚለውን ጨዋ ደግሞ «ይሉኝጠገብ» ብለን ሰየምነው። በእነዚህ ስሞች ብዙ ሣቅን። ከቤታችንም አደረስናቸው፤ ልጆቻችንም ተቀበሏቸው።

ከጊዜ በኋላ ቃላቱን ስናጤናቸው የአማርኛን ጠባይ የሚያሳይ አንድ ነገር አገኘንባቸው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም.፣ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. የታተሙት መዝገበ ቃላቶቻቸው ውስጥ ቃልን ከሥሩ እየነቀሱ፣ ግሱን ከዘሩ እያስተባበሩ አስተምረውናል። ሕዝቡ ግን ለጠባይ ስም ማውጣት ሲፈልግ ብዙ ጊዜ ሥር አይቆፍርም፤ ባለ ጠባዩ የተናገረውን ከአፉ ይቀማዋል። «ይሉኛል» ብሎ የሚፈራውን ሰው ፍርሃት «ይሉኝታ» አለው። «ማን አለብኝ» የሚለውን ትዕቢተኛ «ማን አለብኝ ባይ»፣ አመሉንም «ማን አለብኝነት» አለው። «ምን ቸገረኝ» የሚለውንም እንዲሁ። ይህ አወጣጥ በውስጡ ፍርድ አለበት። ሰውየው ሌላ ሰው በለጠፈበት ስም አልተከሰሰም፤ የገዛ ቃሉ ነው የመሰከረበት። ዳኛው፣ ምስክሩና ተከሳሹ በአንድ ቃል ውስጥ ተሰብስበዋል።

ይህ አወጣጥ ለነቀፋ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ለምስጋናም ያገለግላል። የወሎ ገበሬ ለማሽላ ዘሮቹ ካወጣቸው ስሞች መካከል «ወተት በጉንጬ» እና «ስንዴ ለምኔ» የሚሉ ይገኛሉ። ሁለቱም ስሞች ከበላተኛው አፍ የወጡ ናቸው። እሸቱን በእሳት ጠብሶ በእጁ አሽቶ ወደ አፉ የጨመረ ሰው፣ እህሉ እንደ ወተት ጉንጩን ሲሞላው የተናገረው ቃል የዘሩ ስም ሆኖ ቀረ። «ስንዴ ለምኔ» የሚለውም ለቆላ ሰው ግማሹ መጽናኛ፣ ግማሹ ኩራት ነው። ስንዴ የደጋ እህል ነውና ቆለኛው ሊያገኘው ሲፈልግ ገንዘብ ይዞ ገበያ መውጣት አለበት። ስለዚህ በማሳው ያለውን አመሰገነ፤ የሌለውንም በፈገግታ ሸኘው።

እነዚህን ስሞች የሰማ የተማረ ሰው የገበሬ ጨዋታ ናቸው ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ አገር በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሲንግና አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዘሮችን መርምረው፣ ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኝባቸው ሁለት ዘሮች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ላይሲን የሰው አካል ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ ብቻ የሚያገኘው፣ በተለይም ለሕፃናት ዕድገት አስፈላጊ የሆነ ነገር ነው። በተለመደው ማሽላ ውስጥ የሚገኘው መጠን አነስተኛ ነው። እነዚያ ሁለት ዘሮች የተገኙት ከኢትዮጵያ ነበር። ገበሬው «ወተት በጉንጬ» የሚላቸው ማሽሎችም ከዚህ ወገን ይቈጠራሉ። ፍሬያቸው ሲደርቅ ጨምደድ ስለሚል በገበያ መልክ የላቸውም፤ ምርታቸውም ከሌላው ያንሳል። ገበሬው ግን በማሳው መካከል ጥቂት ጥቂት እየዘራ ለእሸት ሲያቈያቸው ኖሯል። ሚዛንና መስታወት የያዘው ሊቅ በኋላ የደረሰበትን ምላስ አስቀድሞ አውቆት ነበር። ስሙ የሚያስቅ ቢሆንም ምስክርነቱ እውነተኛ ነበር።

ዛሬም ቢሆን የሕዝቡን አፍ ያከበረ ስም ሲወጣ ደስ ይላል። አቀንጭራ የተባለው አረም በማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን እየመጠጠ ማሳውን ሲያጠፋ፣ ገበሬው አዝመራውን የሚያቀነጭርበትን ጠላት በሥራው ጠርቶታል። ይህን አረም እንዲቋቋሙ ተመርጠው በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለአገራችን ገበሬ ከቀረቡት ማሽሎች አንዱ «ጎቢዬ»፣ ሌላው «አብሽር» ይባላል። ጎቢዬን የመንገዳችን ተጓዥ ሁሉ ያውቃታል። «አብሽር» የሚለውም ቃል በወሎ ኀዘን የደረሰበትን ወይም ተስፋ የቈረጠውን ሰው «አይዞህ» የምንልበት ነው። አዝመራው በአቀንጭራ የጠፋበት ገበሬ «አብሽር» የተባለ ዘር ሲሰጠው ስሙ ብቻ ግማሽ እርዳታ ይመስለናል።

ወደ ከተማ ስንመለስ ነገሩ ጥቂት ይወሳሰባል። በአዲስ አበባ ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡባቸው ታክሲዎች «ውይይት» ተብለው ነበር። ይህ ስም ማንንም የማይጎዳ፣ የዘመኑን የስብሰባ ብዛት በዘዴ የሚያስታውስ ነው። በአንድ ሌሊት ሕግ ሳያይ የሚሠራው ቤት ደግሞ «ጨረቃ ቤት» ይባላል። በዚህ ስም ውስጥ ሁለት እውነት አለ። ቤቱ የተሠራው በተከለከለ ቦታ ነውና በቀን ሊሠራ አልቻለም፤ ሠሪውም መጠጊያ የሌለው ነውና በጨረቃ ብርሃን ጭቃ ሲያቦካ አደረ። ሕግ አስከባሪው አንዱን፣ ድኻው ሌላውን እውነት ይሰማበታል፤ ቃሉ ለሁለቱም ይበቃል። መልካም የቀልድ ስም እንዲህ ያለ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

«አልቃይዳ» የሚለው ስም ግን ያሳስበናል። አይሱዙ የተባለው የጭነት መኪና በፍጥነቱ ብዙ ሰው ስለ ጨረሰ ሕዝቡ ይህን ስም ሰጠው። በቆቦም አውራ ጎዳና ከጉድጓድ ውኃ በመስኖ የለማውን ሽንኩርትና ቲማቲም ይዘው በሌሊት የሚሮጡትን እናያቸዋለን። ስሙ መጀመሪያ የወጣው ከመንገድ ዳር እግረኛ አፍ ነው፤ የፈራ ሰው አቤቱታ ነበር። በኋላ ግን አንዳንድ ሾፌር ራሱ «አልቃይዳዬን ይዤ» እያለ በኩራት ሲናገር ሰምተናል። ቃሉ ያው ነው፤ አፉ ግን ተለውጧል። በእግረኛው አፍ ክስ የነበረው በሾፌሩ አፍ ሽልማት ሆነ። ከዚህም የተማርነው አንድ የቀልድ ቃል በራሱ መልካም ወይም ክፉ ተብሎ እንደማይፈረድበት ነው። ማን እንደሚናገረውና ጉዳቱን ማን እንደሚሸከመው አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚህም የባሰ አለ። አንዳንድ ቃል የሚወጣው ነገሩን ለመግለጥ ሳይሆን ለመሸፈን ነው። «ጉርሻ» እና «ሻይ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እናነጻጽር። ሁለቱም ከማዕድ የመጡ ናቸው። ጉርሻ ሰው ለሚወደው ሰው በእጁ የሚያጎርሰው ነው፤ ሥራውን በደግነት ለፈጸመ አስተናጋጅ በመጨረሻ የሚሰጠው ጥቂት ገንዘብ በዚህ ስም ቢጠራ ዘመድነት አለው። «የሻይ» የሚባለው ግን ሥራው ሳይሠራ የሚጠየቅ ነው። ጉቦ የሚለው የጥንት ስሙ ሲጠራ ያስደነግጣል፤ ሕጉንም ያስታውሳል። ሻይ ሲባል ግን ስኳር ያለበት፣ የሚያቅፍ፣ የሚያቀራርብ ይመስላል። ሰጪውም ሆነ ተቀባዩ የሚያፍርበት ነገር የለም። እንግዲህ ቃሉ ያደረገው ምንድን ነው? ወንጀሉን አልቀነሰም፤ ያነሰው ኀፍረቱ ብቻ ነው። ከማይበድል ነገር ስም ተሰርቆ በበደል ላይ ተለጠፈ።

የመሸፈኛ ቃል ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ከወሎ ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከላይ ያነሣነው እ.ኤ.አ. 1973፣ ማለት 1965 እና 1966 ዓ.ም.፣ ወሎ በታላቅ ረኀብ የተመታበት ዘመን ነበር። በዚያው ዓመት የወሎን ማሽላ የመሰለ እህል በዓለም የሳይንስ መጽሔት ሲመሰገን፣ የወሎ ገበሬ ግን በአውራ ጎዳናው ዳር ወድቆ ነበር። መንግሥት ረኀቡን ከአደባባይ ሰውሮት ቈየ፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለዓለም ከታየ በኋላ ነው ነገሩ በግልጥ የተወራው። በረኀብ ጊዜ ትክክለኛውን ስም ያለመጥራት የቋንቋ ስሕተት ብቻ አይደለም። ስሙ ካልተጠራ እህሉ አይጫንም። እኛም ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ በዘገባችን «የምግብ ክፍተት» ብለን ስንጽፍ እጃችን ጥቂት ቢያመነታ መልካም ነው። «ክፍተት» ሆድ አያውቅም፤ «ረኀብ» ግን ያውቃል።

ይህን ሁሉ ስንል ሌላውን ለመውቀስ መስሎ እንዳይታይብን፣ ከላይ ያቈየነውን የራሳችንን ነገር አሁን እንናገራለን።

ከግራሩ ጥላ ሥር ካወጣናቸው ስሞች ሁሉ ይበልጥ የተወደደው እኛ ራሳችን ያወጣነው ነበር። ባለጉዳይ ወደ ቢሮ ሲመጣ «ነገ ተመለስ» ይባላል፤ በማግሥቱ ሲመጣም «ነገ»። ይህን እየተባለ የሚመላለሰውን ሰው «ነገኛ» አልነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ለአፍም ይመቻል። በአንድ ሳምንት ውስጥ የቢሮው ሁሉ ቃል ሆነ። «ዛሬ ስንት ነገኛ አለ?» «ነገኞቹን ከበሩ ፈቀቅ አድርጓቸው» እየተባለ ይነገር ጀመር። ቈይቶም ከእኛ አንዱ፣ ወይም እኛው ራሳችን፣ የቈዩ ማኅደሮችን ለይቶ ለማስቀመጥ እንዲመች በሽፋናቸው ላይ በእርሳስ «ነገኛ» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ይህ ምልክት ያለበት ማኅደር ሁሉ ከመደርደሪያው ታችኛው ረድፍ ይገባል። ቀልዱ ሳናውቀው መዝገብ ሆነ።

ከዞብል በኩል የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ጎርፍ የማሳቸውን ጠርዝ ስለ ወሰደው የይዞታ ደብተራቸው እንዲስተካከልላቸው ይጠይቁ ነበር። ለሰባተኛ ጊዜ በመጡበት ቀን ተማሪ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ነበር። ማኅደራቸው ተፈልጎ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ልጅቱ የሽፋኑን ጽሕፈት ጮክ ብላ አነበበች።

«አባባ፣ ‹ነገኛ› ይላል።»

ሽማግሌው «እሱ ደግሞ ምንድን ነው ልጆቼ?» ብለው ጠየቁን። እኛም ዝም አልን። ከባልንጀሮቻችን አንዱ ሳቁን ሊይዝ ሲል ይበልጥ አመለጠው። ሽማግሌው ነገሩ ገባቸው። ይቈጣሉ ብለን ስንጠብቅ እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ቀጥለውም እንዲህ አሉን።

«ስሙስ ያምራል፤ ያወጣው ሰው ምላሱ ይባረክ። ግን ልጆቼ፣ ተሳስታችሁ ከኔ ደብተር ላይ ጻፋችሁት። እኔ አንድ ቀን እንኳ ‹ነገ› ብዬ አላውቅም። እኔ በመጣሁ ቁጥር ‹ዛሬ› ነው የምለው። ‹ነገ› የምትሉት እናንተ ናችሁ።»

ይህን ብለው ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። ሌላ አልተናገሩም። በቢሮው ውስጥ የሣቀ አልነበረም።

ሽማግሌው ሳያውቁ የአማርኛን የስም አወጣጥ ሕግ አስተማሩን። ከላይ እንዳልነው ሕዝባችን የጠባይን ስም የሚወስደው ከባለ ጠባዩ አፍ ነው። «ማን አለብኝ» ያለው ሰው ነው ማን አለብኝ ባይ የሚባለው፤ የተባለበት ሰው አይደለም። እኛ ግን «ነገ» የሚለውን ከገዛ አፋችን አውጥተን በተቸገረው ሰው ግንባር ላይ ለጠፍነው። የቃሉ አሠራር ትክክል ነበር፤ አድራሻው ግን ተዛውሯል። የእኛ ጥፋት የእሳቸው ስም ሆነ። ስሙም ከወጣ በኋላ ለሁላችንም መመላለሳቸው የእሳቸው ባሕርይ እንጂ የእኛ ሥራ ውጤት መስሎ አልታየንም። ዓይናችንን የጋረደው ይኸው ነው።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ማኅደራቸውን ገልጠን መረመርነው። የጎደለው አንድ ንድፍ ነበር፤ እሱም በስሕተት ከሌላ ማኅደር ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ሥራው በአንድ ሰዓት አለቀ። ሽማግሌው ከቀያቸው እስከ ቢሯችን ሦስት ሰዓት በእግራቸው ይመጣሉ፤ ሦስት ሰዓትም ይመለሳሉ። ሰባት ጊዜ ሲመላለሱ 42 ሰዓት ተጉዘዋል ማለት ነው። አንድ ሰዓት የእኛ ሥራ የ42 ሰዓት የእሳቸውን ድካም በላ። ልብ በሉ፤ ቀልዱ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ጉዞ በኋላ ኅሊናችን ይወቅሰን ነበር። ኅሊናችን እንዳይነሣ ያባበለው ያ የሚያስቅ ስም ነው።

እዚህ ላይ የሚቃወመን አንባቢ ይኖራል። «እንግዲያው ቀልድ ይቅር? በችግር የሚኖር ሕዝብ ሳቁም ይወሰድበት?» ይለናል። አይደለም። የችግረኛው ሳቅ የገዛ ንብረቱ ነው። «ስንዴ ለምኔ» ያለው ገበሬ ስለ ራሱ ጎተራ ተናገረ፤ «ጨረቃ ቤት» ያለውም ስለ ጎረቤቱ ወይም ስለ ራሱ ጣሪያ ተናገረ። የሚያስፈራን ሌላው የተሸከመውን ሸክም ስም አውጥቶ የሚሥቅ፣ በተለይም ሸክሙን ራሱ ያሸከመ ሰው ነው።

ሌላው ደግሞ «መሸፈን ሁሉ ክፉ ነውን?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ይህ ከበድ ያለ ጥያቄ ነው። «ይሉኝጠገብ» ያልነው ሰው ሳይበላ በላሁ ማለቱ መሸፈን ነው። ነገር ግን የሸፈነው የባለቤቱን እጥረት ነው፤ ሌማቱ ውስጥ ያለው ለልጆቹ እንዲተርፍ አስቦ የራሱን ረኀብ ደበቀ። የሞተውን «ዐረፈ» ስንልም የኀዘንተኛውን ልብ ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ መሆን አለበት እንላለን። ሌላውን ለማዳን ራስን የሚያስርብ ሽፋን ጨዋነት ነው፤ ራስን ለማዳን ሌላውን የሚያስርብ ሽፋን ግን በደል ነው። በቃል ብቻ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ በዋጋ ግን ማን እንደ ከፈለ ሲጠየቅ ይለያያሉ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ስም ያወጣ ሰው ዕዳ አለበት። ዕዳውም ቀላል ነው፤ ቃሉን ከማን አፍ እንደ ወሰደው አውቆ፣ ለዚያው ሰው ፊት ለፊት ሊናገረው መቻል ነው። ልጅቱ ጮክ ብላ ስታነበው ዝም ካሰኘን፣ ስሙ መጀመሪያውኑ ሊወጣ አይገባውም ነበር። በስውር ብቻ የሚያስቅ ቀልድ በግልጥ ሲነበብ ክስ ይሆናል። መምህር ለሰነፍ ተማሪ፣ አለቃ ለጸሐፊ፣ ሐኪም ለበሽተኛ፣ ከተሜ ለባላገር ስም ከማውጣቱ በፊት ይህን ቢያስብ ሳቁ አይቀንስበትም፤ የሚቀንስበት የሚያፍርበት ነገር ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ በማኅደሮቹ ላይ የነበረውን የእርሳስ ጽሕፈት በላጲስ አጠፋነው። ቃሉን ግን አልጣልነውም፤ እንደ ሽማግሌው ፍርድ ወደ ባለቤቱ መለስነው። አሁን በቢሯችን አንዱ ጸሐፊ ማኅደር አስቀምጦ ባለጉዳዩን «ነገ» ሲለው፣ ባልንጀራው ከጎኑ ሆኖ «አያ፣ ዛሬ ደግሞ ነገኛ ሆነሃል» ይለዋል። የተባለውም ሰው ይሥቃል፤ ፊቱም ጥቂት ይቀላል። ብዙ ጊዜም እጁ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል።